ዶቃዋ ቆማ ነበር

በዓለም ላይ ስንት የሚያናድድ ነገር ሞልቶ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪዋን በዚያች ጠዋት ያንቀጠቀጣት የአንድ ፈስ ጉዳይ ነበር። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እሷ ግን በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ የሥራ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ቆማ፣ ሐኪሙ የዘረጋላትን የአባቷን የቀዶ ጥገና ፈቃድ ወረቀት እያየች ጥርሷን ነክሳለች።

«እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው» አላት ሐኪሙ፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ እየመዘዘ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼን እንደገና እንከፍታቸዋለን።»

«ከተሰፉ ገና አምስት ቀናቸው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«የማደንዘዣው ሰውዬ ያለውን ረሱት? ‹ልባቸው ደክሟል፤ ሁለተኛ ካስተኛኋቸው መንቃታቸውን እንጃ› አላለም?»

«ብሏል። እኔም ፈርቻለሁ እህቴ። ግን አንጀታቸው ተዘግቷል። ካልከፈትኩት ይበሰብሳል። ያኔ ደግሞ ‹እንጃ› የሚባል ነገር የለም፤ ያለቀ ነገር ነው።»

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የባሰ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር። የአባቷ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬም ፀጉሩ ሸብቶ ከአልጋቸው አጠገብ ሲቆም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። መምህሩ አባቷ በሕክምና ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ። ታዲያ ከአምስት ቀን በፊት የገዛ አንጀታቸው ተጠማዞ ታንቆ፣ ሆዳቸውን ይዘው እየጮሁ ሲመጡ፣ ያ ተማሪያቸው ቢላውን ይዞ ጠበቃቸው። የታነቀውን አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፎች ገጥሞ ሰፋላቸው። እስከዚያ ድረስ እጁ ይባረክ ያስብላል።

ሆድ ተከፍቶ አንጀት በሰው እጅ ከተነካ በኋላ አኩርፎ ይተኛል። መንቃቱ የሚታወቀው ደግሞ በፈስ ነው። በዚያ ክፍል ሚኒስትርም ይተኛ በር ጠባቂ፣ ሲስተር በየጠዋቱ «አየር ወጣ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ከአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ካርድ ላይ ትጽፋለች። «አይ» ከሆነ ጠብታ ውሃ አይቀመስም። «አዎ» ከሆነ ሾርባ ይመጣል።

«መዘጋቱን በምን አወቁ?» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ዝም ብሎ ተኝቶ ቢሆንስ?»

«ቢሆን ደስ ባለኝ! የተኛ ቢሆን እጠብቀው ነበር። በራጅ ብናየው የተኛውም የተዘጋውም ይመሳሰላል፤ ሁለቱም በአየር ተነፍቶ ነው የሚታየው። የሚለየው ታሪኩ ነው። ጋሼ ማክሰኞ፣ በሁለተኛው ቀን፣ አየር አውጥተዋል። አንዴ ነቅቶ የሠራ አንጀት መልሶ ዝም ካለ፣ የሆነ ቦታ ታጥፏል ወይም ተጣብቋል ማለት ነው። ያ ደግሞ በመጠበቅ አይፈታም።»

«ታሪኩን ማን ነገራችሁ?»

«እራሳቸው ናቸዋ!»

ወረቀቱን ሳትፈርም አጥፋ ካፖርቷ ኪስ ከተተችውና ወደ ክፍሉ ገባች።

መምህሩ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቷል። በክንዳቸው ግሉኮስ ይንጠባጠባል። ሆዳቸው አንሶላውን ከበሮ አስመስሎት ቆሟል። ፀጉራቸው ግን ተበጥሯል፤ ሞት ራሱ ቢመጣ ሳያበጥሩ አያናግሩትም። ተቆጣጣሪዋ ካርዱን ከአልጋው ግርጌ ፈታችው። «ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ አየር ወጥቷል፤ አዎ» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሾርባ። በአራተኛው ቀን ትውከት፣ ትውከት፣ ትውከት።

እሷ በከተማ አውቶቡስ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ቲኬት ስትቆጣጠር የኖረች ሴት ናት። ቲኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ ሰው እንደሚባለው አይፈራም፣ አይንቀጠቀጥም። ድንገት የመንገዱ ነገር ያጓጓዋል። ሱቁን፣ ዛፉን፣ ያልታየ ነገር ያለ ይመስል በመስኮት አፍጥጦ ያያል። አባቷ ካርዱን እንደያዘች ባዩዋት ጊዜ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በመስኮቱ የሚታየው የልብስ ማጠቢያው ቤት ግድግዳ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ማክሰኞ ዕለት አየር ወጥቶልዎት ነበር?»

«ተጽፏል አይደል?»

«የተጻፈውንማ አነበብኩት። የምጠይቀው የወጣውን ነው።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ልጅ አባቷን የምትጠይቀው?»

«ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጥቼ ሆድዎን ልነካ ስል ‹እጅሽ ይቀዘቅዛል› ብለው መለሱኝ። ያኔውኑ ተወጥሮ ነበር። አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የምታይው ነገር አታጪም» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህቺ ቃል የት እንደምትወጋት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለጊዜው ዋጠቻትና ሲስተርን ፍለጋ ሄደች። ሲስተር ከመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ቆማ መርፌ ትሞላ ነበር።

«እኔ ምኑን ልስማ?» አለች ሲስተር። «ዶክተር ስድስት ተማሪ አስከትሎ ገባ። ‹እኚህን ሰው እዩአቸው› አላቸው። ‹እኔን የአንጀት ነርቭ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ አንጀታቸው እንዴት እንደሚታዘዝላቸው አሁን ታያላችሁ› አለና ‹ጋሼ፣ አየር ወጣ?› ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አዩና ‹አዎ› አሉ። ተማሪዎቹ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸው። እኔም ጻፍኩ።»

«ይሄስ መርፌ ምንድን ነው?»

«የሕመም ማስታገሻ። ከሞርፊን ወገን ነው። ለሌላው ሰው ሲጠይቅ ነው የምንሰጠው፤ ለጋሼ ግን በየአራት ሰዓቱ ነው። ዶክተር ‹አንዲት ደቂቃ እንዳያማቸው› ብሎ አዟል። በጣም ነው እኮ የሚያከብራቸው!»

ተቆጣጣሪዋ በመርፌው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ አየች። ይህን መድኃኒት ታውቀዋለች፤ ልታውቀው ባልተገባት ዕድሜ ነው ያወቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች የትምህርት ዕረፍት በሆነ ቁጥር አባቷ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚያስተምሩትን ትሰማ ነበር። ሌላው ልጅ ኳስና ገመድ ሲል የእሷ ነፍስ አንጀት ላይ ነበር። መምህሩ ደግሞ ሲያስተምሩ ይጣፍጣሉ፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። «ከአይጥ እስከ ዝሆን» ይላሉ፣ «ጡት አጥብቶ የሚያሳድግ ፍጥረት ሁሉ የአንጀቱ ሥራ አንድ ነው። አንጀት እንደዚህ እንደለበስኩት ካፖርት ነው፤ ጨርቅ አለው፣ ገበር አለው። ውጪ በርዝመቱ የሚሄድ ጡንቻ፣ ውስጥ ዙሪያውን የሚከብ ጡንቻ። በሁለቱ መሀል የነርቭ መረብ ተዘርግቷል፤ እንቅስቃሴው የዚህ መረብ ሥራ ነው። ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ ምግቡ ከሚነካው ስስ ሽፋን ሥር፣ ሌላ መረብ አለ፤ ፈሳሹንና ደሙን የሚጠብቀው እሱ ነው። በየመረቡ ቋጠሮ ላይ ነርቮች እንደ ጎረቤት ተሰብስበው ይኖራሉ። አንዱ ይሰማል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ያዛል። ምግብ ግድግዳውን ሲገፋው የሰማው ለአቀባዩ ይነግራል፤ ከምግቡ ኋላ ያለው ጡንቻ ይጨብጣል፣ ከፊቱ ያለው ይለቃል። በቃ። አንጎል ከሩቅ ሆኖ ‹ፍጠን› ወይም ‹ቀስ በል› ይል ይሆናል እንጂ ሥራውን አያስተምረውም። ቆርጣችሁ ብታወጡትም ይሠራል።»

ቆርጠውም ያሳዩ ነበር። ከጥንቸል የወጣ አንድ ስንዝር አንጀት በብርጭቆ ገንዳ ውስጥ፣ ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ በቀጭን ቱቦ አየር ቡልቅ ቡልቅ ይልለታል። በላይኛው ጫፍ ዘይት የተቀባች ዶቃ ይከቱበታል። አንጎል የለ፣ ልብ የለ፣ ጥንቸሏ ራሷ የለች፤ ዶቃዋ ግን እየተገፋች ሄዳ በታችኛው ጫፍ ብቅ ትላለች። አራት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። ተማሪው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል።

አንድ ቀን ሰዓትና ደብተር ሰጥተው ከገንዳው አጠገብ ከፍ ካለ ወንበር ላይ አስቀመጧት። «የምታይውን ጻፊ» አሏት። እንዴት እንደኮራች! ሠላሳ ተማሪ ዙሪያዋን ቆሟል። ዶቃዋ ገባች። ሁለት ጣት ያህል ሄደች። ቆመች። አራት ደቂቃ አለፈ፤ ስድስት፤ አሥር። አንጀቱ እንደ ረጠበ ገመድ ተጋድሞ ዝም አለ። ልጅቷም ያየችውን ጻፈች። «ዶቃዋ ቆማለች። አልሄደችም።»

መምህሩ ደብተሩን ተቀብለው አነበቡ። ፊታቸው ቀላ። «ማየት የማትችል ልጅ!» ብለው ጮሁ። ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው በጽሑፏ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩበትና ከላዩ «ሐሰት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ዶቃዋን በመቆንጠጫ አውጥተው ወደ ኪሳቸው ጣሏት። ወደ ተማሪዎቹም ዞረው «አራት ደቂቃ፤ ጻፉ!» አሉ። ሠላሳው ሁሉ አቀርቅሮ ጻፈ። ያን ሳምንት ቤት ውስጥ አላናገሯትም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታማልድ «በቤቴ ውሸታም አልቀልብም» አሏት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ያን ክፍል አልረገጠችም። አድጋ የሌላውን ሰው ውሸት እያሳደደች የምትውልበት ሥራ ያዘች። ዘመዶቿ ይህን የቀልድ ማሟሻ ያደርጉታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር ዓይኗ እያየ «እውነት አይቼ ነው?» ትላለች፤ የበር ቁልፍ ሦስት ጊዜ ትሞክራለች። እንዲህ ያለ ጉዳት በየትኛው ራጅ ይታያል?

ሐኪሙን ከደረጃው አፋፍ ላይ ደረሰችበት።

«ዋሽተዋችኋል» አለችው። «ማክሰኞ ምንም አልወጣም። አንጀታቸው ከተሰፉ ጀምሮ ተኝቶ ነው ያለው። በየአራት ሰዓቱ የምትወጉት መድኃኒት ነው አልነቃ እንዲል ያደረገው። እሳቸው ራሳቸው ያስተምሩት ነበር፤ ያ መድኃኒት እዚያው መረቡ ላይ ያርፍና ነርቮቹን አፋቸውን ያዘጋቸዋል ይሉ ነበር።»

«ስለ መርፌው ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ጋሼ ዋሹ ነው የምትይኝ?» ሐኪሙ ሳቅ ቃጣው። «እኔን በአንዲት የተሳሳተች ቁጥር ሙሉ የልምምድ መዝገቤን ያስደገሙኝ ሰውዬ? እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን የተዘጋ አንጀት ሆዳቸው ውስጥ ትቼ በአንቺ ግምት አልቀመጥም። ዋሽቻለሁ ካሉ ከአፋቸው ልስማው።»

«ከሞቱ በኋላ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማሪዎቹ ጋር እመጣለሁ። ያኔ ይንገሩኝ።»

ተመልሳ ገባች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ተነሳች።

«ነገ ሆድዎን ሊቀድዱት ነው፤ ያውቃሉ?»

«ሐኪሙ ያወቀውን ያድርግ።»

«ሐኪሙማ የሚያውቀው እርስዎ የነገሩትን ነው! ‹አልወጣም ነበር› ይበሉት። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል!»

«የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ።»

እዚህ ላይ የመምህሩን ግትርነት በአድናቆት የሚያይ ሰው ይኖር ይሆናል። ያ ሰው ከዚያ አልጋ አጠገብ ስላልቆመ ነው። ሞትን ያልፈራ ሰውዬ ስድስት ተማሪ ፈርቶ፣ ልጁን በቁሟ ሊቀብራት ተኝቷል።

«ዶቃዋ ቆማ ነበር» አለች።

መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት። ቆማ ነበር። አይቻታለሁ።»

«አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«አሁን ነው እንጂ ታዲያ መቼ ነው? ያኔ በተማሪ ፊት እንዳታፍር ብለህ እኔን ውሸታም አደረግከኝ! አሁን ደግሞ በተማሪ ፊት እንዳታፍር ብለህ ልትሞት ነው! ዋሸህ! ስለ አንድ ፈስ ዋሸህ!»

አንተ አለቻቸው። በአርባ ስድስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አንተ ብላ ጮኸችባቸው። በክፍሉ ያሉት ሦስት በሽተኞች ማቃሰታቸውን ተዉ። ከበሩ ጥግ ያለው ሾፌር፣ የሐሞት ከረጢቱ የወጣለት፣ ብርድ ልብሱን ጭንቅላቱ ላይ ሳበ።

«ውጪልኝ» አሉ መምህሩ።

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፤ እጇን አመማትና ሁለተኛ መታችው።

በዘጠኝ ሰዓት ሐኪሙ ስድስቱን ተማሪዎች አስከትሎ መጣ። ከአልጋው ግርጌ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። ተቆጣጣሪዋ ያልተፈረመውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«ፈረምሽ?»

«ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ዶክተር። እኔ ልጅ ሆኜ፣ ሰዓት የያዝኩ ዕለት፣ እርስዎ ከዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ዶቃዋ ስንት ደቂቃ ፈጀባት?»

ሐኪሙ በመጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ ታየ። «አራት ደቂቃ» አለ።

«ስትወጣ አይተዋታል?»

ሐኪሙ ዓይኑን ወደ አልጋው መለሰ። ተማሪዎቹ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያሉ።

«ሲጠየቁ ይመልሱ እንጂ! በሽተኛ ሲጠይቁ እርስዎ ዝምታ ይቀበላሉ?»

«አልወጣችም» አለ ሐኪሙ። «ቆማ ነበር። ሁላችንም አይተናል።»

«ታዲያ?»

«ጋሼ ‹አራት ደቂቃ› አሉ። እኛም አራት ደቂቃ ብለን ጻፍን።»

«ሠላሳ ሰው!» አለች ተቆጣጣሪዋ። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ሠላሳ ሰው አይቶ፣ ሠላሳ ሰው ዋሽቶ፣ ውሸታም የተባልኩት እኔ! ዛሬ ደግሞ በዚያው ሥርዓት አባቴን ልትገድሉት! እሱ ‹አዎ› ይላል፣ እናንተ ትጽፋላችሁ! አንድ ሰው ሆዱን አይነካም? አንድ ሰው ‹እውነት ነው?› አይልም?»

ከአልጋው ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ደካማ ነው፤ የክፍል ድምፃቸው ግን ነው፤ ሐኪሙ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ገንዳውን ያላጠብኩት እኔ ነበርኩ» አሉ መምህሩ። «ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ጊዜ ይኸው የሚወጉኝ ዓይነት መድኃኒት አንጀትን ሲያቆም አሳይቼበት ነበር። ሳላጥበው ሌላ አንጀት አስገባሁበት። ዶቃዋ ስትቆም ወዲያው ገብቶኛል። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ሠላሳ ተማሪ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም።» ምራቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ ቱቦው አስቸገራቸው። «ልጄ በትክክል ነው የጻፈችው።»

ከተማሪዎቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ካርዱን ስጡኝ» አሉ። «ቀይ እስክሪብቶ ያለው አለ?»

አንድ ተማሪ ከጋውኑ ኪስ አውጥቶ ሰጣቸው። ተቆጣጣሪዋ ካርዱን ያዘችላቸው፤ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈቀደችም። መምህሩ «አዎ» የምትለው ቃል ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩባት። ከላይዋ፣ በዚያው በሚታወቅ ጽሕፈታቸው፣ «ሐሰት» ብለው ጻፉ። እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ።

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ካርዱን አየ። ሲናገር ድምፁ የተማሪ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ቢላ ይዤ ልገባብዎት ነበር! በእጄ ቢሞቱስ? ዕድሜ ልኬን ምን ብዬ ልኖር ነበር?» ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረ። «ይሄ መርፌ ከአሁን ጀምሮ ይቁም። ቀለል ያለ ሌላ ማስታገሻ ይሰጣቸው። እጠብቃለሁ፤ ግን ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆዳቸው ከደነደነ ያኔውኑ እከፍታለሁ።» ወረቀቱን ከተቆጣጣሪዋ እጅ ተቀብሎ አራት ቦታ ቀደደው። ሊያያት ፈልጎ ዓይኗን ማየት አቃተው። ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ቀናት በይቅርታና በመተቃቀፍ የሚጠብቅ ካለ አልነበረም። መምህሩ ታመሙ። ስፌቱ እንደ ፍም ያቃጥላቸው ነበር። ተቆጣጣሪዋ በጠዋት ትመጣና «ይነሱ» ትላለች፤ ብብታቸውን ይዛ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ታራምዳቸዋለች። ያቃስታሉ። «ትንሽ ልረፍ» ይላሉ። «እስከዚያኛው በር ድረስ» ትላለች። እርስዎ ወደ ማለቷ ተመልሳለች፤ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። በንዴት የያዘ እጅ ጠንክሮ ስለሚይዝ አንድም ጊዜ አልጣለቻቸውም። ስለ ዶቃዋ እሳቸውም አላነሱ፣ እሷም አላነሳች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ጠየቀች፤ መምህሩ ጠያቂ ሁሉ እየሰማ «አልወጣም» አሉ። ከሰዓት በኋላም «አልወጣም» አሉ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ የጠያቂ ሰዓት ሆኖ ኮሪደሩ በሰውና በፔርሙስ ተጨናንቋል። አባትና ልጅ ከመስኮቱ አጠገብ ደርሰው ሊዞሩ ሲሉ መምህሩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። የልጃቸውን ክንድ ጨበጡ። ከዚያ መጣ። የተከበረ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ አለው ብሎ የሚያስብ የለም። ረጅም ነበር፤ መሀል ላይ ያቆመ መስሎ እንደገና ቀጠለ። አንዲት ጠያቂ ፔርሙሷን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሾፌሩ ከክፍሉ ውስጥ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ።

ሲስተር ካርዱን ይዛ ሮጣ መጣች። «ጋሼ! ወጣ?»

መምህሩ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እሷን ጠይቂያት» አሉ። «እሷ ያየችውን ነው የምትጽፈው።»

ሲስተር ካርዱንና እስክሪብቶውን ለተቆጣጣሪዋ አቀበለቻት። ተቀበለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተራበችው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ለመናገር ምን ያህል ትቀል ነበር! ደስታ አልተሰማትም። የተሰማት ንዴት ነው፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለተጠራጠረችው ዓይኗ፣ ሦስት ጊዜ ለሞከረችው ቁልፍ፣ ላልረገጠችው ክፍል የሚሆን ንዴት። የአባቷን ክንድ ግን አለቀቀችም። ካርዱን በመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፋ፣ ሰዓቷን አይታ፣ አንዴ ብቻ አይታ፣ ጻፈች።

«አራት ሰዓት ከሃያ። ወጥቷል። ሰምቻለሁ።»